ኤስኤቲ ወይስ ኤሲቲ? ወላጆችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጸበል ጻዲቁ ተቀምሶ ሰው ሲበተን፣ እኛ አዳራሹ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ስበን የሃይ ስኩል ልጆችን እናስጠናለን። ያለነው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጆቹ የሚጠይቁት ብዙ ነው። ወላጆች ግን ኮታቸውን እየለበሱ በር ላይ ቆመው የሚያነሱት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። "የትኛውን ይፈተን? ኤስኤቲ ነው ኤሲቲ?" ሁለቱም አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚያመለክት ልጅ የሚፈተናቸው ፈተናዎች ናቸው። በር ላይ ቆሞ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ጥያቄው የወላጅ ሲሆን ለወላጅ፣ የልጅ ሲሆን ለልጅ እመልሳለሁ። "ዓ.ም." ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

እነዚህ ፈተናዎች እንደ ማትሪክ ናቸው?

አይደሉም። ከሁሉ በፊት ይሄ ይጥራ፤ ቤት ውስጥ ካለው ጭንቀት ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማትሪክ የተፈተንን ሰዎች ፈተና ሲባል ትዝ የሚለን አንድ ሳምንት ነው። ያን ሳምንት ያመመው ታመመ፣ የደነገጠው ደነገጠ፣ ውጤቱም ዕድሜ ልኩን ተከተለው። አገር ቤት ዛሬም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከባድ ወንፊት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. እንኳ 8.4 በመቶ ነው። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ልጁ "ቅዳሜ ኤስኤቲ አለኝ" ሲለው እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

እዚህ ግን ማለፍና መውደቅ የሚባል ነገር የለም። ውጤቱ ከትራንስክሪፕቱ፣ ልጁ ከሚጽፈው ድርሰትና ከመምህራኑ የድጋፍ ደብዳቤ ጋር አብሮ የሚታይ አንድ ወረቀት ነው። ካልጣመው ደግሞ ይፈተናል። የትኛውን እንደሚፈተን የሚመርጠውም ራሱ ነው። ወላጆች ይህን ምርጫ እንደ ዕጣ ፈንታ ሲያዩት ልጁ ይጨነቃል፣ የተጨነቀ ልጅ ደግሞ የሚያውቀውንም ይሳሳታል። ጫማ ሲገዛ የትኛው እግሩን እንደሚመች ለክቶ አይደል? ይሄም መለካት ነው።

ኮሌጆች የትኛውን ይመርጣሉ?

የትኛውንም። ኤስኤቲን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው፣ መጀመሪያ የተሰጠው በ1926 ነው። ኤሲቲ በ1959 አዮዋ ውስጥ ተጀመረ። ድሮ ኤስኤቲ በምሥራቅና በምዕራብ ዳርቻ፣ ኤሲቲ በመሀል አሜሪካ ይበዛ ነበር። "ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወዱት ኤስኤቲን ነው" የሚለው ወሬ የቀረው ከዚያ ዘመን ነው። ዛሬ ሃርቫርድም ሆነ ኤምአይቲ ሁለቱንም እኩል ይቀበላሉ። ይሄን ጥያቄ እዚህ ላይ እንዝጋው።

ልዩነታቸው በአጭሩ ምንድን ነው?

ኤስኤቲ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ሆኗል፤ ከአሜሪካ ውጭ ከ2023፣ አሜሪካ ውስጥ ከማርች 2024 ጀምሮ። ሁለት ክፍል አለው። ንባብና ጽሑፍ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳብ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ። ሁለቱ ተደምሮ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል። ውጤቱ ከ400 እስከ 1600 ነው።

ኤሲቲም በቅርቡ ተቀይሯል። አዲሱ ፈተና በኤፕሪል 2025 በኮምፒውተር ተጀመረ፣ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ በወረቀትም አለ። እንግሊዝኛ 50 ጥያቄ በ35 ደቂቃ፣ ሒሳብ 45 ጥያቄ በ50 ደቂቃ፣ ንባብ 36 ጥያቄ በ40 ደቂቃ። ሳይንስ 40 ጥያቄ በ40 ደቂቃ ነው፣ ግን በፈቃደኝነት ሆኗል። ድርሰቱም እንደዚያው። ውጤቱ ከ1 እስከ 36 ሲሆን የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የንባብ አማካይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ወፍራም የኤሲቲ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ካለ ሽፋኑን ገልጣችሁ ዓመቱን እዩ። የድሮው ፈተና 215 ጥያቄ ነበረው፣ ሒሳቡም አምስት ምርጫ። አሁን ምርጫው አራት ነው፣ ጊዜውም ሌላ ነው። በድሮው መጽሐፍ ሰዓት ይዞ የሚለማመድ ልጅ ለሌለ ፈተና እየተዘጋጀ ነው። የኤስኤቲ መጽሐፍም ለድሮው የወረቀት ፈተና የተዘጋጀ ከሆነ ያው ነው።

የትኛው ይቀላል?

ለማን? ነው መልሱ። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰውን ጊዜ ካየን ኤስኤቲ ረጋ ይላል። ሒሳቡ ላይ ለአንድ ጥያቄ 95 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፣ ኤሲቲ ላይ 67። የኤሲቲ እንግሊዝኛ 42 ሰከንድ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ኤሲቲ ቀጥተኛ ነው፤ የሚፈልገውን በግልጽ ነው የሚጠይቅህ። ኤስኤቲ ላይ ጥያቄውን ራሱን ለመረዳት ቆም ማለት አለ።

ኤስኤቲ ሌላም ጠባይ አለው። እያንዳንዱ ክፍል በሁለት ይከፈላል፣ የመጀመሪያውን እንዴት እንደሠራህ አይቶ ሁለተኛውን ያከብድልሃል ወይም ያቀልልሃል። ቀላሉ ከመጣ ሁሉንም ብትመልስም ከፍተኛው ውጤት ላይ አትደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ላይ መቻኮል ዋጋ ያስከፍላል። ኤሲቲ እንዲህ አያደርግም፣ ለሁሉም ያው ነው።

ልጄ ከአገር ቤት ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ገና ነው። የቱ ይሻለዋል?

አብዛኛውን ጊዜ ኤስኤቲ። ሰፋ አድርጌ ላስረዳዎት፤ በእኛ ማኅበረሰብ እንደዚህ ያለ ልጅ ብዙ ነው፣ ካውንስለሮች (የትምህርት ቤት አማካሪዎች) ደግሞ ይሄን ነገር እምብዛም አያነሱትም።

ኤስኤቲ ላይ ሒሳብ የውጤቱ ግማሽ ነው፣ ከ1600ው 800። አዲሱ ኤሲቲ ላይ ሒሳብ ሲሶ ነው፣ የቀረው ሁለት እጅ እንግሊዝኛና ንባብ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። ልጅዎ ኤስኤቲ ላይ ሒሳብ 720፣ ንባብ 500 ቢያመጣ ድምሩ 1220 ነው። ያው ልጅ ኤሲቲ ላይ ሒሳብ 31፣ እንግሊዝኛ 18፣ ንባብ 19 አመጣ እንበል። አማካዩ 23 ይሆናል። በ2018 ሁለቱ ድርጅቶች በጋራ ባወጡት ማነጻጸሪያ 23 ማለት 1140 ነው። ልጁ አልተለወጠም፣ ጉብዝናውም ያው ነው። የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የምንባቡ ርዝመት ነው። የኤስኤቲ ምንባብ ከ25 እስከ 150 ቃል ነው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ። አንዱ ካልገባው ይለፈዋል፣ የሚቀጥለው አዲስ ነገር ነው። ኤሲቲ ላይ ግን ረጅም ምንባብ ከጥያቄዎች ክምር ጋር ይመጣል። በአማርኛ አስቦ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ የሚያነብ ልጅ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ይጠፋዋል። ችሎታ ስለሌለው አይደለም፣ ድካም ነው።

"አብዛኛውን ጊዜ" ያልኩበትም ምክንያት አለ። አገር ቤት እንግሊዝኛን በሰዋስው የተማረ ልጅ፣ ነጠላና ብዙ፣ ጊዜና አያያዥ እያለ ደብተሩን የሞላ ልጅ፣ የኤሲቲ እንግሊዝኛ ላይ አንዳንዴ እዚህ የተወለዱትን ይበልጣቸዋል። ኤስኤቲ ላይ ደግሞ አንድ ቃል በምንባቡ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቁ ጥያቄዎች አሉ፣ ከድሮ ልብወለድና ግጥም የተቀነጨቡም ይመጣሉ፣ እነሱ ይከብዱታል። የኤሲቲ ሒሳብ ማትሪክስና ሎጋሪዝም ያስገባል። እዚህ ያሉ የክፍል ጓደኞቹ ገና ያላዩትን እሱ አገር ቤት ጨርሶት መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳይለካ አይወሰን።

ካልኩሌተር መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፣ ኤስኤቲ ላይ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው። ዴስሞስ የሚባል ሥዕላዊ ካልኩሌተር ፈተናው ውስጥ አብሮ አለ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሁለት እኩልታዎች ተሰጥተው የት እንደሚገናኙ ይጠየቃል። ልጁ እርሳሱን ይዞ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሞላው። ተካ፣ አባዛ፣ በቀመሩ ፈታ፣ ስር አወጣ። መልሱ ትክክል ነው። አራት ደቂቃ ፈጅቶበታል። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ሁለቱን እኩልታ ዴስሞስ ላይ ጻፈች፣ መስመሮቹ የተቋረጡበትን ነጥብ በጣቷ ነካች፣ ቁጥሩ ወጣ። አሥር ሰከንድ። ልጁ አየት አድርጓት "ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው" አላት። ከልቡ ነው ያለው። ካልኩሌተር ይዞ መግባት በተከለከለበት ፈተና ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይበል?

ማጭበርበር አይደለም። ፈተናውን ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ያስገቡት መሣሪያ ነው። የእሱ ችሎታ አብሮት ይቆያል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይጠቅመዋል። ለቅዳሜው ፈተና ግን ዴስሞስን ሁለት ሳምንት ይለማመድ። ለእንደነዚህ ዓይነት ልጆች ከየትኛውም አጋዥ መጽሐፍ በፊት የምመክረው ይሄንን ነው።

እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት፣ ቶሎ ነው የማነበው። ኤሲቲ ይሻለኛል ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል። ፈጣን አንባቢ ከሆንሽ፣ ረጅም ምንባብ ካላሰለቸሽ፣ ሒሳብሽ መካከለኛ ከሆነ ኤሲቲ ይጠቅምሻል። ስክሪን የሚያደክምሽ ከሆነም በወረቀት መፈተን የሚቻለው ኤሲቲን ብቻ ነው። ግን የምልሽ ያው ነው፤ ለኪው።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚለካው?

ሁለት ቅዳሜ ይበቃል። አንዱን ቅዳሜ ሙሉ የኤስኤቲ ልምምድ ፈተና ትሠራለህ፣ በሚቀጥለው ሙሉ የኤሲቲ። ሁለቱም በነፃ አሉ። የኤስኤቲው ብሉቡክ በሚባለው አፕ ውስጥ ነው፣ እውነተኛውም ፈተና የሚሰጠው በዚያው አፕ ስለሆነ እጅህ ይለምደዋል። የኤሲቲው ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ አዲሱ መሆኑን አረጋግጥ።

ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ከሆነ ልኬቱ ልክ አይመጣም። ጠዋት ጀምር፣ ሰዓት ያዝ፣ ስልክህን እናትህ ጋ አስቀምጥ። ወላጆችም እባካችሁ በዚያች ሁለት ሰዓት ውስጥ "ና ቡና አቅርብ"፣ "ታናሽህን አንዴ ያዝልኝ" አይባል። እንግዳም ቢመጣ ልጁ ተነስቶ እንዲስም አይጠራ። ይሄን የምለው ስላየሁት ነው፤ የአንዲት ልጅ የንባብ ውጤት ዝቅ ያለው ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ በፈተናው መሀል ሦስት ጊዜ ተነስታ ነበር።

ውጤቱን ከዚያ ታነጻጽረዋለህ። ኤሲቲ 20 ከ1040፣ 24 ከ1180፣ 27 ከ1280፣ 30 ከ1370፣ 33 ከ1460 ኤስኤቲ ጋር ይቀራረባል። አንዱ ጎልቶ ከበለጠ ጨረስክ፣ እሱን ያዝ። ከተቀራረቡ ሁለት ነገር ጠይቅ። የትኛው ላይ ነው ጊዜ ያጠረኝ? የትኛውንስ ስሠራ ነው ብዙ ያልደከመኝ? ሦስት ወር አብሮህ የሚቆይ ነገር ስለሆነ ያልሰለቸህን ምረጥ።

ሁለቱንም ብፈተንስ?

የሚከለክል የለም፣ ግን አልመክርም። ለሁለቱ መዘጋጀት ጉልበትን ለሁለት መክፈል ነው። ኮሌጅ የሚያየው አንዱን ነው፤ ሁለት መላክ አንድ ጥሩ ከመላክ አይበልጥም። ልዩነቱ ትምህርት ቤታችሁ በግድ የሚያስፈትን ከሆነ ነው። ኔቫዳ ውስጥ 11ኛ ክፍል ያለ ሁሉ ኤሲቲ ይፈተናል፤ ላስ ቬጋስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ኮሎራዶ ከ2017 ጀምሮ ኤስኤቲ ነው፣ ስለዚህ ኦሮራና ዴንቨር ያሉ ልጆች ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ይፈተናሉ። ኢሊኖይ በ2025 ከኤስኤቲ ወደ ኤሲቲ ዞሯል። የግዴታው ፈተና በነፃ የመጣ ዕድል ነው። ተዘጋጅታችሁ ግቡበት፣ ልኬታችሁ ሌላኛውን ካሳየ ደግሞ ያንን ለብቻ ተመዝገቡ።

ሐኪም መሆን ነው የምፈልገው። ሳይንሱን ልውሰድ?

ኤሲቲን ከመረጥሽ፣ ማመልከቻ የምታስገቢባቸውን ኮሌጆች ገጽ አንድ በአንድ እዪ። የሚፈልግ ካለ ወይም "ይመከራል" የሚል ካለ ውሰጂው። ከሌለ ለአማካዩ ስለማይገባ አያስጨንቅሽ። የሳይንሱ ክፍል አብዛኛው ግራፍና ሠንጠረዥ ማንበብ ነው፤ ባዮሎጂ በቃል የያዘ ሁሉ ጎበዝ ይሆንበታል ማለት አይደለም።

ኮሌጆች ፈተና መጠየቅ አቁመዋል ይባላል። ታዲያ ምን ያደክመናል?

ከፊሉ እውነት ነው። በኮቪድ ጊዜ ብዙዎች አቆሙ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ፣ ዩሲም ካል ስቴትም፣ ቢላክላቸውም ለመቀበል አያዩትም። ሎስ አንጀለስ ያላችሁና ከእነዚህ ውጭ የማታመለክቱ ከሆነ ጊዜያችሁን ለትምህርት ቤት ውጤታችሁ አውሉት። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፈቃደኝነት እንዲሆን ወስኗል።

ሌሎቹ ግን እየተመለሱ ነው። ኤምአይቲ በ2022 መለሰው። ዳርትመዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 ተከተሉት። ዬል ከኤስኤቲና ከኤሲቲ በተጨማሪ የኤፒ ወይም የአይቢ (ሃይ ስኩል ውስጥ የሚወሰዱ ከፍ ያሉ ትምህርቶች ፈተና) ውጤትም ይበቃኛል ብሏል። ጆርጂያ ውስጥ ዜል ሚለር የሚባለው የስቴቱ ስኮላርሺፕ ከ3.7 ጂፒኤ ጋር 1200 ኤስኤቲ ወይም 25 ኤሲቲ ይጠይቃል፤ አትላንታና ክላርክስተን ያላችሁ ይሄ ገንዘብ ነው።

"በፈቃደኝነት" የሚሉት ጋ ልላክ አልላክ የሚለውን የምንወስነው እንዲህ ነው። ኮሌጁ በተቀበላቸው ተማሪዎች ውጤት ላይ ከታች 25 በመቶውንና ከላይ 25 በመቶውን የሚለዩ ሁለት ቁጥሮች ያወጣል። የልጁ ውጤት ከሁለቱ መሀል ከሆነ ወይም ከበለጠ ይላክ። ከታችኛው በታች ከሆነ ይቅር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ትምህርት ቤቱ ብዙ ልጆች ኮሌጅ የማይሄዱበት ከሆነ፣ ወላጆቹም ኮሌጅ ያልገቡ ከሆነ፣ ቶሎ "ይቅር" አይባል። ዳርትመዝ ፈተናውን የመለሰው እንዲህ ያሉ ልጆች ለእነሱ ትምህርት ቤት ከፍ ያለውን ውጤታቸውን ሳይልኩ እየቀሩ ስላየ ነው። በዓሥር ሰዓት ፈረቃ ያሳደጋችሁት ልጅ 1400 አምጥቶ "አነሰ" ብሎ ቢደብቀው ያሳዝናል። ውጤት ከአካባቢው ጋር ነው የሚታየው።

ለፈተናውም ለኮርሱም ገንዘብ የለንም። ምን እናድርግ?

ለፈተናው፣ ልጁ ትምህርት ቤት በነፃ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚበላ ከሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ እንደ ፉድ ስታምፕ ያለ የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኝ ከሆነ ክፍያው ይነሳለታል። ኤስኤቲ ላይ ሁለት ጊዜ በነፃ ይፈተናል፣ በዚያ ላይ ብዙ ኮሌጆች የማመልከቻ ክፍያ አያስከፍሉትም። ያ ከፈተናው ክፍያ እጥፍ ድርብ ነው። ኤሲቲም የራሱ ነፃ አለው። የሚሰጠው በካውንስለሩ በኩል ነው። የእኛ ሰው መጠየቅ ያፍራል። "ሌላ የባሰው ይውሰድ" የሚሉ እናቶች አጋጥመውኛል። ይህ ግን ከሌላ ልጅ አፍ የሚወሰድ አይደለም፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኛል።

ኮርሱን በተመለከተ የሆነውን ልንገራችሁ። ለእህቴ ልጅ 1,200 ዶላር ከፍለን አንድ የማስጠኛ ቦታ አስገባነው። እህቴ ለዚያ ገንዘብ ስንት ቅዳሜና እሑድ እንደሠራች አውቃለሁ። ማንም የትኛው ፈተና እንደሚሻለው አልጠየቀውም፤ ቦታው የሚያስተምረው ኤስኤቲን ብቻ ነበር። ስምንት ሳምንት ተማረ፣ 40 ነጥብ ጨመረ። በኋላ አንድ ቅዳሜ የኤሲቲ ልምምድ ብናስፈትነው ያለ ምንም ዝግጅት ኤስኤቲውን የሚበልጥ ውጤት አመጣ። ገንዘቡ ሄዷል። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ ካስፈለገ መክፈል። ካን አካዳሚ ላይ ያለው የኤስኤቲ ትምህርት ከኮሌጅ ቦርድ ጋር ተስማምተው ያዘጋጁት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። የሰፈር ቤተ መጻሕፍትም መጽሐፉን ያውሳል።

መቼ ልፈተን? ስንት ጊዜ?

11ኛ ክፍል ላይ፣ ከማርች ጀምሮ እስከ ጁን ባለው ጊዜ የመጀመሪያውን። ልኬቱን ከዚያ በፊት፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጁላይና ኦገስት ወይም ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ጨርስ። 12ኛ ክፍል ኦገስት ወይም ኦክቶበር ሁለተኛውን። ከሦስት በላይ የሚፈተኑ ልጆች ብዙም ሲጨምሩ አላየሁም። ሜይ ላይ የኤፒ ፈተና ካለብህ አትደራርበው። ብዙ ኮሌጆች ከየፈተናው የተሻለውን ክፍል እየመረጡ ይደምራሉ፤ በማርች ሒሳቡ፣ በኦገስት ንባቡ ጥሩ ከሆነ ሁለቱ ይደመሩልሃል። ሁሉንም ውጤት ላኩልኝ የሚሉም አሉ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ያለው ጆርጅታውን በዚህ የታወቀ ነው።

ያልቻልኩትን ጥያቄ ባዶ ልተወው?

በፍጹም። በሁለቱም ፈተና ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ የለም። ገምት።

እንግሊዝኛ ገና እየተማርኩ ነው። ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠኛል?

ትምህርት ቤትህ እንግሊዝኛ ተማሪ ብሎ ከመዘገበህ ዕድል አለህ። ኤሲቲ ተጨማሪ ሰዓትና ቃል በቃል የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ይፈቅዳል፣ ትምህርት ቤቱ ሲጠይቅልህ። ኤስኤቲም ይሰጣል፣ ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ በሥራ ቀን በሚያስፈትነው ላይ ነው እንጂ በቅዳሜው አይደለም። ይሄ ከላይ ያልኩትን ሚዛን ሊቀይረው ይችላል። ልኬቱን ስትሠራ የሚሰጥህን ተጨማሪ ሰዓት ጨምረህ ሥራ። ካውንስለርህን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት አናግር።

አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ለእኔስ?

ከሩቅ ለሚያመለክት ልጅ ጥሩ ውጤት ክብደት አለው፣ በተለይ ትምህርት ቤቱን አሜሪካኖቹ የማያውቁት ከሆነ። ብዙ ጊዜ ኤስኤቲ ይቀላል፣ ምክንያቱም ሒሳቡ ግማሽ ነው፣ መለማመጃውም ብሉቡክ ላይ በነፃ ይወርዳል። ፈተናው በስልክ አይሠራም፣ ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ይፈልጋል። በፈተናው መሀል ኢንተርኔት ቢቋረጥ መቀጠል ትችላለህ፣ መልስህም አይጠፋም፤ ስትጀምርና ስትልክ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። ባትሪህን ግን ሙሉ ይዘህ ሂድ። ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ከወራት በፊት ተመዝገብ፣ ፓስፖርትህንም አስቀድመህ አውጣ። እንደ ቶፍል ወይም ዱዎሊንጎ ያለ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል። ኤስኤቲ እሱን አይተካም።

ስመዘገብ ስሜን እንዴት ልጻፍ?

እንደ መታወቂያህ፣ ፊደል በፊደል። ይሄን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ትንሽ ስለሆነ አይደለም፣ እንዳይረሳ ነው። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ እንደ ጻፊው ነው። ፀጋዬ በሁለት ዓይነት ይጻፋል። ኃይለ ማርያም አንዱ ጋ አንድ ቃል፣ ሌላው ጋ ሁለት ነው። ሁለት ከሆነ "ማርያም" ብቻውን የአባት ስም ይመስልና "ኃይለ" ይቀራል። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የአባትን ስም መጨረሻ አድርጎ መዝግቦ ይሆናል። የልደት ቀንም በእኛ አቆጣጠር የተሞላ አይቻለሁ።

የምዝገባው ስም ከመታወቂያው ጋር ካልተመሳሰለ በር ላይ ሊመልሱህ ይችላሉ። ከኮሌጅ ማመልከቻው ጋር ካልተመሳሰለ ደግሞ ውጤትህ ኮሌጁ ጋ ደርሶ ከፋይልህ ጋር ሳይገናኝ ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ውጤቷን በወቅቱ ልካ ሳለ "አልደረሰንም" የሚል ኢሜይል መጣላት። ስልክ ስንደውል ውጤቷ እዚያው ነበር፣ በአያቷ ስም ምትክ በአባቷ ስም ተመዝግቦ። ሁለቱ ስም አንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ የፓስፖርት ቅጂ ላከች፣ በሦስተኛው ቀን ተስተካከለ። አሁን እሑድ ከእኛ ጋር የሚጀምር ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን ያመጣና ስሙን ከላዩ ላይ ገልብጦ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጽፈዋል።